ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ሳምራዊት፣ እዚህ አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል ቤታቸው፣ ላፕቶፗን ከፍታ የእረፍት ጉዞዋን ታሰናዳ ነበር። «ጋሼ፣ ከሮም ፍራንክፈርት እኮ ቅርብ ነው! አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፍላይቱ ላይክ ሁለት ሰዓት ነው። ቡክ ላድርገው?» አለችኝ። አድርጊው አልኳትና ሻዬን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። «ሁለት ሰዓት» ሲባል እኔ ምን እንደምሆን ልጅቱ በምን ታውቃለች?

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ፍራንክፈርት በአንድ ሆቴል ሳህን አጥባለሁ፤ ጥገኝነት ጠይቄ ወረቀቴን ስለምጠብቅ ከከተማው ርቄ መሄድ አልችልም። ሱዳን ሳለሁ የተዋወቅኳት አበባ ደግሞ ሮም በሰው ቤት ትሠራለች። ሦስት ዓመት በደብዳቤ ብቻ ተፈላለግን። ካርታ ላይ ስለካው መንገዱ ግማሽ ስንዝር አይሞላም ነበር።

አንድ ጥቅምት ላይ መኖሪያችን ኮሪደር ያለው ስልክ ጮኸ። እሷ ናት። አሜሪካ ተቀብሏት ኖሮ በፍራንክፈርት በኩል ልታልፍ ነው። «ልታገባኝ ከፈለግክ ኤርፖርት ናና ውሰደኝ፤ እቀራለሁ። ካልመጣህ ግን መልስህ ገባኝ ብዬ እሄዳለሁ» አለች።

«መቼ ነው የምትደርሺው?»

«ቅዳሜ፣ ሁለት ሰዓት» ስትል ሳንቲሟ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

እንግዲህ ሞኝነቴን ስሙ። ያኔ ራሴን እንደ ሠለጠነ አውሮፓዊ ነበር የማየው፤ ሰዓት የምቆጥረውም በፈረንጅ ነው። እሷም ሮም የከረመች ናት፣ ከሰዓት በኋላ ማለቷ ነው ብዬ ደመደምኩ። በአማርኛ ሁለት ሰዓት ከተባለ ጠዋት መሆኑን ሕፃን ያውቃል። እኔ ረሳሁት።

ቅዳሜ ጠዋቱን ሙሉ ክፍሌን ስወለውል፣ ሸሚዜን ስተኩስ ቆየሁ። እንጀራ ስላልነበረ ምስር ወጥ ሠርቼ ፓስታ ቀቀልኩለት። ውጭው ካፊያ ነው፤ የመንገዱ ዛፎች ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ባቡሩ ውስጥ ለብቻዬ እየሳቅኩ ሄድኩ፣ ለጥንቃቄም ቀደም ብዬ ደረስኩ።

መረጃ የምትሰጠዋ ሴት ወረቀቷን አየች። «የሮሙ? እሱማ ጠዋት በስምንት ገብቷል።»

ስምንት። በጣቴ ስድስት ቀነስኩ። ሁለት ቀረ። የአሜሪካውም አውሮፕላን ቀትር ላይ ተነስቷል አለችኝ። እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምስሩን አራት ቀን ሙሉ ብቻዬን በላሁት። አበባ አሜሪካ የት እንደገባች የሚነግረኝ ሰውም አላገኘሁ።

አትላንታ የመጣሁት ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ፣ ወንድሜ ጠርቶኝ ነው። አንድ እሁድ ክላርክስተን፣ ቤተ ክርስቲያን ፓርኪንጉ ላይ ቆማ አየኋት። እንዴት እንደተሳሳትኩ ነገርኳት።

«መውጫው በር ላይ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩህ» አለች። ወዲያው ባሏ መኪናውን ይዞ መጣና ገባች።

ከቤቴ እሷ ዘንድ በመኪና ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም። ለምን እንዳላገባሁ ሰው ሲጠይቀኝ ሥራ በዛብኝ እላለሁ፤ እውነቱ ሌላ ሰው መውደድ አቅቶኝ ነው። ማታ ማታ ብቸኝነቱ ይከብደኛል፣ አልዋሽም። እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ በሩ ላይ እንገናኛለን። እጇን ትዘረጋልኛለች።

«ወንድም ዳንኤል፣ እንደምን ሰነበቱ?»

«ጌታ ይመስገን፣ እህት አበባ» እላታለሁ።