በእሜቴ መስታወት ላይ የነበረችው ነጥብ

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሽቦ የተባለው በሙያው ብቻ አይደለም፤ በቁመናውም ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ የትም ቀዳዳ የሚገባ ሰው ነው። ከዳሽቦርድ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሲሠራ ከውጭ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም አሁን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ካልተቆጣች አትጠራበትም።

የሚሠራው ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። መደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮዎች ተደርድረዋል። በአንዱ የሞቱ መኪኖች መርፌ፣ በሌላው ክብ ክብ መስታወት፣ በሦስተኛው ቁጥር የተጻፈባቸው የጌጅ፣ የዳሽቦርድ መለኪያ፣ ፊቶች አሉ። ሌላው የሚጥለውን ጌጅ እሱ አይጥልም። ሥራ ሲቀዘቅዝ ቆርቆሮውን ይከፍትና ፊቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያያቸዋል። «እነዚህ እኮ ዕድሜያቸውን ሙሉ እውነት ሲናገሩ ኖረው፣ የሚሰማቸው ያጡ ናቸው» ይላል። በወጣትነቱ ዘፋኝ ለመሆን ሞክሮ ነበር። ድምፁ አልበቃ አለውና ግጥሙ ብቻ ቀረለት፤ ሽቦ እየላጠ ያንጎራጉራል።

ሰኞ ጠዋት እሜቴ መጣች።

እሜቴ የጭነት መኪና ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ መብራቶቿ እንደተገረመ ሰው ዓይን የፈጠጡ፣ ሰማያዊ ቀለሟ በየጥጉ የተላጠ አሮጊት። ስሙን ያወጣላት ባለቤቷ አባ ዳገት ነው፤ ካልለመኗት አትነሳም፣ ከተነሳች ደግሞ ለማንም መንገድ አትለቅም። አርባ ዓመት ነድቷታል። የዚያን ቀን ግን መሪውን የያዘው ሞተሯን የጠገናት መካኒክ ነበር። አባ ዳገት በተሳፋሪው በኩል፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ በገዛ ቤቱ እንግዳ እንደሆነ ሰው ቁጭ ብሏል። መሐል ላይ መምህርት የሆነችው ልጁ ካርቶን ታቅፋለች።

«እነዚህን ይግጠሙልን፣ ጋሽ ሽቦ» አለችና ካርቶኑን ከፈተች። ሦስት አዳዲስ ጌጆች ናቸው፤ የዘይት፣ የባትሪ፣ የሙቀት። ፊታቸው ጥቁር፣ መብራታቸው ሰማያዊ።

አባ ዳገት አንገቱን አስግጎ አያቸውና፣ «ይኼ ለመኪና ነው ለጭፈራ ቤት?» አለ።

«አባዬ፣ ያንተዎቹ ከሞቱ አሥር ዓመታቸው።»

«ቢሞቱም ቦታቸውን አልለቀቁም።»

መምህርቷ ሽቦን በጎማዎቹ ክምር በኩል ገለል አደረገችው። ባለፈው ወር ሞተሩ ፈልቶ፣ እንፋሎቱ የፊት መስታወቱን እስኪጋርደው ድረስ አባቷ አላወቀም። ከኋላው ሲያስጮሁለት የነበሩትንም አልሰማም። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ጠመመ፤ በስንት ልፋት ተስተካከለ።

«ጆሮው ደክሟል። እሱ ግን አያምንም» አለች። «ቁልፉን ወስጄበታለሁ። ቅዳሜ አጠገቡ ተቀምጬ ትልቁን ዳገት እናወጣታለን። እኔ ምንም አልልም። ሞተሩ መጋሉን ራሱ አውቆ ካቆመ ቁልፉን እመልሳለሁ። ካላወቀ እሜቴን ብረት ለሚገዛው ሰውዬ እሰጣታለሁ። ቆራርጦ ይውሰዳት። አባቴን ከምቀብር እሷን ብቀብር ይሻለኛል።»

ሽቦ መዶሻውን ከመደርደሪያው አነሳ። ሲመለስ አባ ዳገት ጀርባውን ሰጥቶ የእሜቴን ጭቃ መከላከያ በመዳፉ እያሻሸ ነበር። ሽቦ ሆን ብሎ መዶሻውን ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው። ጎማ ጠጋኙ ከወዲያ ክፍል ደንግጦ ተሳደበ። አባ ዳገት ማሻሸቱን ቀጠለ።

የእሜቴ ዳሽቦርድ ወፍራም ብረት ነው። አራት ክብ ቀዳዳዎች አሉት፤ የሚሠራው የፍጥነቱ ብቻ ነው። ሽቦ አዲሱን የሙቀት ጌጅ ወደ ቀዳዳው ሲያስጠጋው፣ የአባቱን ኮት እንደለበሰ ሕፃን ሆነ። አንድ ጣት ያህል ያንሳል።

«ከሥር ትንሽ ብረት አንጠልጥዬ ሦስቱን እደረድራቸዋለሁ። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው የምበሳው» አለ።

«ልትበሳት?» አለ አባ ዳገት። «ወንፊት አደረግሃት እንዴ?»

ሽቦ ትንሽ አሰበ። «እንግዲያው ጋሼ፣ ፊቱ የድሮው ይሁን፤ ሆዱን አዲስ ላድርገው።»

«እሱን ከቻልክ ሰው ነህ።»

እሱን ለመቻል ሦስት ቀን ፈጀበት። የድሮውን ጌጅ የከበበውን የብረት ቀለበት በቀጭን ካቻቢቴ እየዞረ፣ እንደ ታሸገ ደብዳቤ ጠርዙን ገለጠው። መርፌዋን በሁለት የሻይ ማንኪያ ከሁለት በኩል ቀስ አድርጎ ነቀላት። አዲሱን ጌጅ ገፎ ሆዱን አወጣና፣ በሠራለት ክብ ቆርቆሮ ላይ አሥሮ ከድሮው ፊት ጀርባ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ፋብሪካው ቀብቶት የነበረው ቀይ መስመር በፀሐይ ነጥቶ የለም። ስለዚህ የሞተሩን ሙቀት ለጌጁ የሚነግረውን ሴንሰር በድስት ውሃ ውስጥ ነከረና ምድጃ ላይ ጣደው፤ ቴርሞሜትር ከጎኑ አቁሞ፣ ውሃው በጋለ ቁጥር መርፌዋ የት እንደምትደርስ ወረቀት ላይ ጻፈ። ጎማ ጠጋኙ በበሩ አንገቱን አስገብቶ፣ «ዛሬ ምሳህ ሴንሰር ነው?» አለው።

በመጨረሻ መስታወቱን አጸዳ። የአርባ ዓመት አቧራና የጣት ቅባት ነበረበት፤ በአልኮል አሸው፣ ለቀቀ። ከቀኝ በኩል የምስር ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ግን አልለቅ አለች። መኪናው ሲቀባ የተረጨ ቀለም መሰለችው። ምላጭ አነሳና፣ መስታወቱን እንዳይጭረው ቀስ እያለ፣ እያንጎራጎረ ፋቃት። አንዲት ምልክት ሳትቀር ጠፋች። በእጁ ሥራ ተደሰተ።

ሐሙስ ጠዋት አባ ዳገት ብቻውን በእግሩ መጣ። ጌጆቹ በቦታቸው ተገጥመው ነበር። ከሩቅ ላያቸው እሜቴ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት። ሽማግሌው ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ወጣና አውራ ጣቱን በሙቀቱ መስታወት ላይ አሳለፈ። መለሰና እንደገና አሳለፈ።

«የት ሄደች?»

«ምኗ፣ ጋሼ?»

«ነጥቧ።»

ሽቦ ሊዋሽ ይችል ነበር፤ መስታወቱ ተሰብሮ ቀየርኩት ማለት ቀላል ነው። «ቀለም የተረጨ መስሎኝ በምላጭ ፋቅኳት» አለ።

አባ ዳገት አውራ ጣቱን ከመስታወቱ አነሳ። ከዚያም፣ «ሚስትህም ኩል ስትኳል በምላጭ ነው የምትፍቅላት?» አለው። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ድምፁ ግን አልተከተለውም።

ከዚያ ነገረው። ከአራት ዓመት በፊት የሞተችው ባለቤቱ በረጅም ጉዞ ሁሉ አጠገቡ ትቀመጥ ነበር። ድምፅ ነበራት። ዳገት ሲጀምር እሷም ትጀምራለች፦

ቀስ ብለህ ንዳ ሆዴ፣ ዳገቱ አይሸሽም፤
አብሮህ ያለው ልቤ፣ ሌላ ቤት አያመሽም።

አንድ ቀን ሞተሩ ሊቃጠል ለጥቂት ሲተርፍ፣ የጥፍር ቀለሟን ከቦርሳዋ አወጣችና መስታወቱ ላይ ነጥብ አደረገች። ከዚያ ወዲህ እየዘፈነች ዓይኗ ነጥቧ ላይ ነው። መርፌዋ ነጥቧን ስትነካ እሷ ዘፈኗን ታቆማለች። ዝም ስትል እሱ ዳር ይይዛል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሱ ከተወችበት ስንኝ ትቀጥላለች። ጌጁ ከሞተ በኋላ እንኳ መዳፏን ብረቱ ላይ አሳርፋ በሙቀቱ ትለካ ነበር።

«እኔ ያንን ጌጅ አንድም ቀን አይቼው አላውቅም» አለ አባ ዳገት። «የማየው መንገዱን ነበር። እሷን ነበር የምሰማው። ከእሷ በኋላ ሞተሩን እየሰማሁ ነዳሁ። አሁን ደግሞ...» ጆሮውን በጣቱ ነካ አደረገና ተወው። ለልጁ ያላመነውን ለሽቦ አመነ።

ሽቦ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠራም። ሦስት ቀን ሙሉ ጌጅ ለዳሽቦርድ ሲገጥም፣ ጌጁ ለሰውየው መግጠም አለመግጠሙን እንዳልጠየቀ አሰበ። ዞሮ ለማያየው ሰው ምን ያህል ትክክለኛ መርፌ ቢሠሩለት ምን ይረባል?

ወደ ሚስቱ ፀጉር ቤት ሄደ። ሚስቱ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር።

«ቀይ የጥፍር ቀለም ስጪኝ።»

«የትኛውን ቀይ?»

«ስንት ቀይ አለ?»

«አሥራ አንድ» አለች። «ለየትኛዋ ነው ደግሞ?» ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ ጆሮዋን አቆመች።

ሽቦ ነገሩን ሁሉ ዘረገፈው፤ ነጥቧን መልሶ ሊቀባት እንዳሰበ፣ ቦታዋ ትንሽ ትንሽ ትዝ እንደሚለው። ሚስቱ ጨርሳ ሰማችውና ጠርሙሱን በኪሱ ከተተችለት። «አንተ ግን እንዳትቀባ» አለችው። «ነጥብ አይደለም እኮ የፋቅኸው፤ የሰው እጅ ነው። ይዘህላቸው ሂድና ዝም በል።»

ቅዳሜ ሦስቱም እሜቴ ላይ ወጡ። አባ ዳገት መሪው ላይ፣ ልጁ መሐል፣ ሽቦ ጌጁን ሊፈትሽ በመስኮቱ በኩል። መምህርቷ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። «ያልኩህን ታስታውሳለህ፣ አባዬ።»

«ብረት ገዢው መሳደብ ያውቃል?» አለ አባ ዳገት። «እሜቴ ስድብ ካልሰማች እንደማትነሳ ንገሪው።» በሦስተኛው ሙከራ ተነሳች።

ዳገቱ የሚጀምረው ከድልድዩ ማዶ ነው። ሽቦ ገና ከታች ጀምሮ ዓይኑን ከሙቀቱ ጌጅ አልነቀለም። መርፌዋ በድስቱ ሙከራ እንዳደረገችው ቀስ እያለች ተነሳች፤ በጣም ታምራለች። አባ ዳገት ግን መንገዱን ብቻ ያያል። አንድ ኩርባ ታጠፉ፣ ሁለተኛውንም። ማርሽ ቀነሰ። መርፌዋ ግማሹን አለፈች። ሽማግሌው አሁንም ወደ መርፌዋ አልዞረም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዞሮ የማያውቅ አንገት ዛሬ አይዞርም። ሽቦ በወረቀቱ ላይ የጻፈው ቁጥር ላይ ከደረሰች ይናገራል፤ ውል ቢፈርስም ይናገራል።

ያኔ ከመሐል አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማ። መምህርቷ ቦርሳዋን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ብዙም ሳትከፍት ታንጎራጉራለች። የምታደርገውን የምታውቅ አትመስልም። ልጅ ሆና በሁለቱ መሐል፣ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ዳገት ስንት ጊዜ ወጥታዋለች፤ ዳገቱ ራሱ ዘፈኑን ከአፏ እየሳበው ነው። ቀስ ብለህ ንዳ ሆዴ... የተቀመጠችው አባቷ በተሻለ በሚሰማበት በቀኝ ጆሮው በኩል ነበር። የሽማግሌው ፊት ላላ። መሪውን የያዙት ጣቶቹ ከዜማው ጋር ይነቃነቁ ጀመር።

ነጭ ድንጋይ ያለበት ኩርባ ላይ ሲደርሱ ዓይኗ ወደ ቀኝ ጫፍ በተጠጋችው መርፌ ላይ አረፈ። ስንኙ መሐል ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ።

አባ ዳገት ወዲያው እግሩን አነሳ። እሜቴን ዳር አስያዛት፣ ፍሬኑን ሳበ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ቀስ ብሎ እንዲዞር ተወው። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጌጁን አየ።

ሽቦ በልቡ፣ አየሁት በላት፣ ጋሼ፣ አለ። መርፌዋን አይቼ ነው ያቆምኩት በላት። ከሁለታችን በቀር ማን ያውቃል?

«አላየሁትም» አለ አባ ዳገት። «አንቺ ዝም ስትይ ነው ያቆምኩት። እንግዲህ ውሉ ውል ነው። ሰውዬውን ጥሪው።» ቁልፉን ነቅሎ መዳፏ ላይ አኖረላት።

ሞተሩ ጠፋ። ከኮፋኖው ሥር ብረት ሲቀዘቅዝ የሚያሰማው ቀጭን ኳኳታ ብቻ ቀረ። መምህርቷ ቁልፉን እያየች አለቀሰች፤ ከዚያ በመዳፏ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። «እኔ ዘፍኛለሁ እንዴ?» አለች ወደ ሽቦ ዞራ።

«ዘፍነሻል፣ እህቴ።»

«የእናቷን ዜማ አበላሽታዋለች እንጂ» አለ አባ ዳገት።

ሽቦ ኪሱን ዳሰሰና ጠርሙሱን አወጣ። ምንም ሳይል ሰጣት። ነጥቧን እሱ እንደፋቃት አባቷ ነግሯት ነበርና ምን እንደሆነ ገባት። ክዳኑን ከፈተች። ብሩሿን ይዛ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለች፤ ግራ እጇን ብረቱ ላይ፣ እናቷ ታሳርፈው በነበረበት ቦታ አሳረፈችና ነጥቧን አደረገች።

ሽቦ አየ። ከድሮዋ ነጥብ ፀጉር በምታህል ወደ ግራ ቀደም ብላለች፤ መርፌዋ ቶሎ ትነካታለች። ልጅቷ ከእናቷ ይልቅ ፈሪ ናት። ሚስቱ ዝም በል ያለችውን አስታውሶ ዝም አለ።

«ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል» አለች መምህርቷ ጠርሙሱን እየከደነች። «በሌላ ቀን የትም አትሄድም፤ ብትለምነኝም አልሰጥህም። ቅዳሜ ግን ትምህርት የለኝም።»

አባ ዳገት ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። «ቅዳሜ ጭነት አይጠፋም» አለ።

ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ነጩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠችውና በየቦታቸው ገቡ። እሜቴ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ተለምና ተነሳች። የቀረው ዳገት ሁለት ኩርባ ነው። መምህርቷ ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ከተወችበት ስንኝ ቀጠለች።