የሟች ልብስ የለበሰችው ዙልማ

ዙልማ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የምታናግርልን ሴት ነበረች። ማዶ ያሉት ከጫካ ያልወጡ ዘመዶቻችን ናቸው፤ ኖሞሌ እንላቸዋለን፣ ወንድሞች ማለት ነው። ቋንቋቸው ከኛ ብዙ አይርቅም፤ ብዙዎቻችን ግን ስናያቸው አፋችን ይተሳሰራል። በየበጋው ውሃው ሲጎድል አሸዋው ላይ ብቅ ይላሉ። ዙልማ ሙዝ የጫነች ታንኳ ወደ እነሱ ትገፋና እስከ ወገቧ ውሃ ውስጥ ቆማ ታወራቸዋለች።

ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ የእህቴ ልጅ ይላታል።

«ዛሬም ከስተሻል። ያ ባልሽ ዓሣ ይፈራል እንዴ?»

«ዓሣው ነው እሱን የሚፈራው፣ አጎቴ።»

ማዶ ይስቃሉ። ባሏ ኤልሜር ከኋላዋ ሆኖ ያኮርፋል።

አንድ በጋ ከከተማ በመጣ ጀልባ ሳል ገባብን። የመንደራችን ነርስ ማንም የታመመ ሰው ወደ ኖሞሌዎቹ እንዳይጠጋ አዘዘች። እኛን ለጥቂት ቀን የሚያስተኛን ሳል፣ ሰውነታቸው አያውቀውምና እነሱን ይጨርሳቸዋል። እነሱ ግን በዚያው ሰሞን መጥተው አፏጩ። ዝም ከተባሉ ራሳቸው ሊሻገሩ ነው። ጤነኛ የነበረው ኤልሜር ሙዙን ጭኖ ገፋላቸው፤ ዙልማ ሳሏን እየዋጠች ከሩቅ ቆመች።

ሽማግሌው ሙዙን አላየውም። የለበሰችውን ቀይ ሸሚዝ ጠየቀ፤ ስትስል የከረመችበትን።

እነሱ ዘንድ ዘመድ አይነፍግም፤ የሚነፍግ ጠላት ነው፣ ጠላት ደግሞ ይወጋል። አንድ ጎረምሳ ቀስቱን ከአሸዋው አነሳ። ኤልሜር ወደ እሷ ተመልሶ «ስጪው በቃ» አለ በሹክሹክታ። እሷ ሸሚዙ በሽታ እንዳለበት ነገረቻቸው።

ሽማግሌው ሳቀ። «ለብሰሽው ቆመሽ የለም እንዴ? መች ገደለሽ?»

ወደ ውሃው ገባ። ታንኳውን አልፎ ወደ እሷ መጣ።

«የእናቴ ነው» አለች ዙልማ። «ለብሳው ነው የሞተችው።»

የሞተ ሰው ልብስ በሞተበት ቀን ይቃጠላል። እኛ ድስቱንና ሬዲዮውን ማስቀረት ጀምረናል፤ እነሱ ግን የሟች ነገር አይነኩም፣ የነካውንም አይጠጉም። ሽማግሌው የዘረጋውን እጅ ሰበሰበ።

«በእናትሽ ልብስ ትሞቂያለሽ?» አላት። ሙዙን እንዳለ ትተው ወደ ጫካው ገቡ። ማንም አልወጋም።

እናቷ ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ተኝታ እየሳለች ነበር። ስትሰማ፣ «ደህና አድርገሽ ገደልሽኝ» ብላ ሳቀችባት። ዙልማ አልሳቀችም።

በሚቀጥለው በጋ ተመልሰው መጡ። ሽማግሌው ዙልማን ሲያይ ጀርባውን አዞረ፤ እስክትሄድም አልዞረም። ከዚያ ወዲህ የሚያናግራቸው ኤልሜር ነው። ቃል ሲጠፋው ያላበዋል። ዙልማ እንዳትታይ ከዳገቱ ጀርባ ተቀምጣ የጎደለውን ቃል ታቀብለዋለች።

ባለፈው ሳምንት አብሬያት ተቀምጬ ነበር። ማዶ ሕፃን አለቀሰ። እጇን አንስታ ዝም አስባለችኝና እስኪያባራ አዳመጠች።

«ያለቅሳል እንጂ አይስልም» አለች።