ትናንት የተቀየረ ዘይት

ጋሽ ይገረም እህል በረንዳ ጤፍ ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ጆንያውን ሳያስፈቱ፣ በብረት ወግተው ባወጡት አንድ እፍኝ ብቻ ጤፉ የአዳ ይሁን የጎጃም፣ ዝናብ የነካው ይሁን ከአሮጌ ጋር የተደባለቀ ይናገራሉ። ተሳስተው አያውቁም። ጣጣው የመጣው ይህ ችሎታ የተሰጣቸው ለጤፍ ብቻ መሆኑን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ኮሮላዋን የገዙት ዕድሜያቸው ሃምሳን ካለፈ በኋላ ነው። መኪናዋ ከእሳቸው በፊት ብዙ ባለቤት አይታለች፤ እንደ እሳቸው ያለ ግን አልገጠማትም። ጠዋት ሰባተኛ ሰፈር ካለው ቤታቸው እስከ ሱቃቸው፣ ማታ ከሱቃቸው እስከ ቤታቸው ትሄዳለች፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች። የመርካቶ መንገድ ሲጨናነቅ እግረኛ ይቀድማታል። ይህም ሆኖ በከተማው ውስጥ እንደ እሷ ዘይት የሚቀየርለት መኪና አልነበረም።

ሽያጩ ሲያልቅ ደላላው፣ አፉን ለማሟሸት ያህል፣ «ጋሼ፣ የመኪና ነፍሱ ዘይቱ ነው» ብሏቸው ነበር። እሱ ወዲያው ረሳው፤ እሳቸው ግን እንደ ንስሐ አባት ቃል ያዙት። በየማለዳው ኮፈኑን ይከፍታሉ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛሉ፣ ጠብታዋን በሁለት ጣት መሐል ፈትገው ያሸታሉ፣ ወደ ፀሐይ ይዘው ያያሉ። ጠቆር ካለች የዚያን ቀን ገበያ አይቀናቸውም።

ሶማሌ ተራ አጠገብ ጋራዥ ያለው ሰዓድ መጀመሪያ ሰሞን ሊያስረዳቸው ሞክሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘይት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ይሠራል። ያን ያህል ባይሄዱም በስድስት ወር ይቀየር። እርስዎ ግን ባለፈው ወር መጥተዋል እኮ!»

«ጠቁሯል።»

«ይጠቁራላ! ሞተሩን እያጠበ ነው። ልብስ ያጠበ ውኃ ነጭ ሆኖ ይቀራል እንዴ?»

«ልጄ፣ እኔ የጠቆረ ጤፍ በነጭ ዋጋ ገዝቼ አላውቅም» አሉት።

ሰዓድ ሁለት ሦስት ጊዜ ተከራከረ። ከዚያ ይህ ክርክር ደንበኛ ከማሳጣት በቀር ፋይዳ እንደሌለው ገባው። ከዚያ ወዲያ ገና ከሩቅ ሲያያቸው «ጠቁሯል አይደል ጋሼ?» እያለ ይቀበላቸው ጀመር፤ እሳቸውም ይህ ልጅ ሥራውን እየለመደ ነው አሉ።

ብቻ ዘይቱ በተቀየረ ቁጥር ከሞተሩ ሥር ያለው የማፍሰሻ ቡሎን ይፈታል፣ ይጠብቃል። ሲፈታ ሲጠብቅ ጥርሱ ተበላ። ሰዓድ ይህን አንድ ቀን አነሳላቸው።

«ቡሎኑ ላልቷል ጋሼ። እንቀይረው።»

«እኔ የመጣሁት ለዘይት ነው። ቡሎን ብረት አይደለም እንዴ? ምን ይሆናል?»

ሰዓድ በነጭ ፕላስቲክ ክር ጠቀለለና መልሶ አጠበቀው።

የጋሽ ይገረም ጎረቤት አሸብር ደግሞ በአይሱዙ ከመቂ ሽንኩርት እየጫነ ወደ አትክልት ተራ ያመላልሳል። አሸብር ዘይት ሲጎድል ይጨምራል፤ ካልጎደለ ዘይት የሚባል ነገር መኖሩም ትዝ አይለውም። ጋሽ ይገረም ባገኙት ቁጥር አይምሩትም።

«ያንተ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት አይደለም፣ ሬንጅ ነው! አንድ ቀን መንገድ ላይ ትቀራለህ፤ ያን ጊዜ የምጎትትህ እኔ ነኝ።»

«ኮሮላ አይሱዙ ስትጎትት ለማየት ያብቃኝ ጋሼ» ይላል አሸብር።

የጋሽ ይገረም ልጅ እስከዳር የምታገባበት ቀን ደረሰ። ሙሽራው በአበባ ያጌጡ መኪኖች ይዞ እኩለ ቀን ላይ ከቤቷ ሊወስዳት ቀጠሮ ይዟል። ጠዋት ከምትዋብበት ሜክሲኮ ካለው የውበት ሳሎን የሚመልሳት ግን ማን ነው? እናቷ ቦሰና ታክሲ ይያዝላት አለች።

«ልጄ በታክሲ?» አሉ ጋሽ ይገረም። «ዘይቱ በስንት ጊዜ እንደተቀየረ በማይታወቅ መኪና?»

ቅዳሜ ኮሮላዋን ወደ ሰዓድ ወሰዷት። አልጠቆረም ነበር፤ ሠርግ ስለሆነ ነው እንጂ። ሰዓድ በዚያ ቀን ሥራ በዝቶበት ነበርና ቶሎ አፍስሶ፣ ቶሎ ሞልቶ፣ መርቆ ሸኛቸው።

እሑድ ጠዋት እስከዳር ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከኋላ ተቀመጠች። ጋሽ ይገረም በአዲስ ሙሉ ልብስ መሪውን ጨብጠው በቀስታ ነዱ። ልደታን እንዳለፉ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቀይ መብራት በራች።

«አባዬ፣ ያቺ መብራት ምንድን ናት?»

«የዘይት ናት።»

«ምን እያለች ነው?»

«ዘይት የለም እያለች ነው።»

«እና… የለም?»

«ትናንት የተቀየረ ዘይት! ሲሞላ በዓይኔ ቆሜ አይቻለሁ። እሷ አላየችም። ማንን ልመን?»

እስከዳር አባቷን ታውቃቸዋለች። ትንሽ ቆይቶ ከሞተሩ ውስጥ ጠጠር እንደገባበት ወፍጮ ያለ ድምፅ ተነሣ። «አዲስ ዘይት ሲላመድ ነው» አሉ ሳይጠየቁ። ተክለሃይማኖት ሲቃረቡ ወፍጮው አንድ ጊዜ ጮኸና ጸጥ አለ። ኮሮላዋ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ አላለችም።

ጋሽ ይገረም ወርደው በሙሉ ልብሳቸው አስፋልቱ ላይ ተንበረከኩ። ቡሎኑ በነበረበት ቦታ ባዶ ቀዳዳ አለ። ከመኪናዋ ኋላ ወደ ልደታ አቅጣጫ፣ ጥሩ ማር የመሰለ ቀጭን መስመር ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። በዚያች ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ ከዚያ የጠራ ዘይት አልነበረም፤ ያለው ግን መንገዱ ላይ ነው።

ስልካቸው ጠራ። ቦሰና ነበረች። «ሙሽራው ሊደርስ ነው! የት ናችሁ?»

«ደርሰናል» አሉና ዘጉት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። እስከዳርም ቀና ብላ ስታያቸው የተኳለው ዓይኗ ውኃ ሞልቷል፤ ቆጣ ብትል ይሻላቸው ነበር።

ያዳናቸው ከሩቅ የሚታወቅ ሰማያዊ ጭስ ነው። አሸብር ሽንኩርቱን እንደጫነ አጠገባቸው ቆመ።

«ምን ሆና ነው ጋሼ?»

«ዘይት» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ዘይት? የእርስዎ?»

አሸብር ሊስቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ፊታቸውን ሲያይ ግን መልሶ ገጠመው። ሙሽሪትን ከነቀሚሷ ጋቢና አስቀመጠና ኮሮላዋን በገመድ ከኋላ አሰረ። የሚጎተት መኪና መሪ የሚይዝለት ይፈልጋልና ጋሽ ይገረም ተመልሰው ገቡ። እስከ ሰባተኛ ድረስ የአይሱዙውን ጭስ እየጠጡ፣ ከልጃቸው ኋላ ተጎትተው ሄዱ።

ደጃፉ ላይ እልልታው ቀለጠ። ከሙሽራው ወገን አንዱ አዛውንት የሽንኩርቱን መኪና አይተው «የነጋዴ ልጅ እንዲህ ከነበረከቷ ነው የምትመጣው» አሉ፤ ሌሎቹም በዚህ ተስማሙ። ጋሽ ይገረም ከኮሮላዋ ሲወርዱ ዓይናቸው ቀልቶ እንባቸው ይፈስ ነበር። «ምን ዓይነት አንጀተ ቡቡ አባት ነው!» ተባለላቸው። ጭሱ ነው ብለው ሊያርሙ ፈለጉ፤ ግን ሁሉም የጭሱ አልነበረምና ተዉት።

ቦሰና ገመዱን አየች። ቀርባ በጆሯቸው «ትናንት ቀይረኸው አልነበረም?» አለች።

«ቀይሬዋለሁ።»

ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና እንግዶቹን ልትቀበል ሄደች።

ሰዓድ ሞተሩን ከፍቶ የሚተርፍ ነገር እንደሌለ ነገራቸው። «ስለ ቡሎኑ ግን ነግሬዎት ነበር ጋሼ።»

«ነግረኸኛል» አሉት። «ግን ቀስ ብለህ ነው የነገርከኝ።»

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ተገዝቶ ተገጠመ። ኮፈኑን ያለ ምክንያት እንዳይከፍቱ ቦሰና አስማለቻቸው።

በዚያ ሰሞን የሰፈሩ ጀግና አሸብር ሆነ። ሻይ ቤት ተቀምጦ «ዘይት የሚቀይር ሥራ ፈት ነው፤ ምስክሬ ጋሽ ይገረም ናቸው» እያለ ያስተምር ጀመር። የሚሰማው ሰው ሲበዛ፣ ሲጎድል መጨመሩንም ተወው። ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው አይሱዙው ሽንኩርት እንደጫነ ሞጆ ላይ ሞተሩ ተቃጠለ።

ጋሽ ይገረም ወሬው ሲደርሳቸው ፊታቸው በራ። ወዲያው ግን በራሳቸው አፈሩና የኮሮላዋን ቁልፍ አንሥተው ወጡ። ከተገዛች ጀምሮ ያን ያህል ርቃ ሄዳ አታውቅም። አሸብርን ከተበላሸው መኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኙት። በሩን ከፈቱለት።

ብዙ መንገድ ከሄዱ በኋላ አሸብር ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለመሆኑ ጋሼ፣ ዘይት በስንት ጊዜ ነው የሚቀየረው?»

ጋሽ ይገረም ስለ ዘይት ተጠይቀው ዝም ሲሉ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ደብረ ዘይትን እስኪያልፉ አልመለሱለትም።

«መካኒኩ ባለህ ጊዜ» አሉ በመጨረሻ። መኪናዋ ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ማንም ባይኖርም፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።