ሁለቱም ዲስኮች ባዶ የሆኑ ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ላስታ ውስጥ ካሉ የመሬት ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን አቶ ፈንታው አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ የአቧራ ብሩሽና የመዝገብ ክፍሉን ቁልፍ ሰጡኝና፣ «እንግዲህ ኮምፒውተሩን ላንተ አስረክቤያለሁ፤ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቀው» አሉኝ። የሥራ መደቤ «የመረጃ ባለሙያ» ይላል። ባለሙያ መባሉን ከደመወዙ በላይ ወድጄው ነበር።

ጊዜው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ ያመሰበት ነው። ገበሬው ማሳውን አስለክቶ፣ ተዋሳኞቹን በስም አስጠርቶ፣ ሽማግሌ አስመስክሮ ያስሞላው ቅጽ እኛ ዘንድ ይመጣል። ሁለት ጸሐፊዎች ወደ ኮምፒውተር ያስገቡታል። ከዚያ የይዞታ ደብተሩ ታትሞ ለባለመሬቱ ይሰጣል። ይህ ሁሉ የተቀመጠው ኮምፒውተሩ በሚነሣበት በአንዱ የሲስተም ዲስክ ላይ ነበር። እሱ ከሞተ ሁሉም ሞተ።

ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ሁለተኛ ዲስክ ጨምረን ሚረር እናድርገው ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ። ሚረር ከሆነ በአንዱ ዲስክ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው በሌላውም ይጻፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ኮምፒውተሩ በሌላው ይነሣል። አቶ ፈንታው ሲገባቸው ፊታቸው በራ። «ሁለት ከሆነማ ይህ ሁሉ ወረቀት ምን ይሠራልናል? አይጥ ልንቀልብበት ነው?» አሉ።

ዲስኩ እስኪመጣ እንኳ አይቸኩሉ ማለት ነበረብኝ። ደስታቸው ጣፍጦኝ ዝም አልኩ። ቅጾቹ በማዳበሪያ ታጭቀው ለነጋዴ ሄዱ። የቢሮ ወረቀት መጨረሻው እንደምታውቁት የስኳርና የበርበሬ መጠቅለያ መሆን ነው።

ዲስኩና ሁለቱን የሚያጣምረው ካርድ ከአዲስ አበባ መጡ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ክዳኑን ፈታሁ። እንዳይምታታብኝ በነባሩ ዲስክ ላይ «1»፣ በአዲሱ ላይ «2» ብዬ በፕላስተር ለጠፍኩ። ኮምፒውተሩን ሳስነሣው ካርዱ ከየትኛው ዲስክ ልገልብጥ ብሎ ጠየቀኝ። ምርጫዎቹ 0 እና 1 ነበሩ። 1ን መረጥኩ። ማሽን ከዜሮ እንደሚቆጥር ተምሬ፣ ተፈትኜበት አልፌያለሁ። እጄ ግን የቆጠረው እናቴ እንዳስቆጠረችኝ ነው። የሚገለበጥበት ዲስክ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል ብሎ ሲያስጠነቅቀኝም፣ ባዶ ዲስክ ምን ይጠፋዋል ብዬ አዎን አልኩት።

መቶ በመቶ እስኪሞላ ግማሽ ቀን ፈጀ። ሲሞላ ጸሐፊዎቹ አጨበጨቡልኝ። አጥፍቼ አስነሣሁት። ሲስተም የለም አለኝ። ደግሜ አስነሣሁ፤ የለም። ለማሽኑ 1 ማለት አዲሱ ዲስክ ነበር፤ ባዶውን ዲስክ በሙሉው ላይ ገልብጬ ሁለቱንም እኩል ባዶ አድርጌያቸዋለሁ። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

አቶ ፈንታው ገቡና «ምን ሆነ?» አሉ።

«መሃል ላይ መብራት ኃይል ቀነሰብን» አልኩ።

በእኛ ቢሮ መብራት ያልተሸከመው ጥፋት አልነበረም፤ ጠያቂ የለውም።

«ይመለሳል?»

«አዲስ አበባ ሲላክ ይመለሳል።»

እንደማይመለስ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ላሊበላ ገበያ ሄድኩ። ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ ሩብ ኪሎ ስኳር እየገዛሁ መጠቅለያውን አያለሁ። የአንዱን ሰው ማሳ ምሥራቃዊ ወሰን ጨው ተጠቅልሎበት አገኘሁት፤ ምዕራቡ ተቀዷል። አንዷ ባለሱቅ ታዘበችኝና «አንተ ልጅ፣ ስኳሩን ነው ወረቀቱን የምትፈልገው?» አለችኝ። ወረቀቱን አልኳት። «እሱማ አለቀ» አለችኝ። ሰባት ሙሉ ቅጽ ይዤ ተመለስኩ። ያን ቀን ተስፋዬ ተሟጠጠ።

ሰኞ እማሆይ ሽታዬ መጡ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ የደፉ እናት ናቸው። ሁለት ጥማድ የገብስ መሬታቸውን የባላቸው ወንድም የእኔ ነው ይላል። ወሰኑን በእግራቸው የዞሩ ሁለት ሽማግሌዎች ለእሳቸው መስክረው፣ ቅጹ በስማቸው ተሞልቶ፣ የቀረው ደብተሩ መታተሙ ብቻ ነበር።

«ልጄ፣ ደብተሬ ደረሰልኝ?»

«መብራት አበላሽቶብን ነው እማሆይ። ይመለሳል፤ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥህ። አንተም ለፋህ።»

ያ ምርቃት ከስድብ በላይ አቃጠለኝ። ግን በየወሩ ይመጣሉ፤ እኔም በየወሩ ይመለሳል እላለሁ። አንድ ዓመት አለፈ፤ ሌላም ተጨመረ። በመጨረሻ ልኬታው እንደገና ይሁን ተባለ። የባላቸው ወንድም ቀድሞ ማሳውን አርሶት ስለነበር በእሱ ስም ተመዘገበ።

እውነቱን ለመናገር የደፈርኩት መሥሪያ ቤቱን ከለቀቅሁ በኋላ ነው። እማሆይ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ተጠግተው በምጽዋት ይኖራሉ ሲሉኝ ሄድኩ። አጥሩ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«እማሆይ፣ ያበላሸው መብራት አልነበረም። መዝገቡን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። እንደማይመለስም የዚያኑ ዕለት አውቄዋለሁ» አልኳቸው።

እግዜር ይፍታህ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«ያኔውኑ ብትነግረኝ ኖሮ» አሉ፣ «ሁለቱም ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ። ዳኛ ፊት አቆማቸው ነበር። አንተ ይመለሳል ብትለኝ እኮ ነው እጄን አጣጥፌ የተቀመጥሁት። አንዱን ባመቱ፣ አንዱን በሁለተኛው ዓመት ቀበርናቸው።»

ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።

ለእናንተ ለጀማሪዎቹ ይህን እላለሁ። ከመገልበጣችሁ በፊት የትኛው ዲስክ ሙሉ፣ የትኛው ባዶ እንደሆነ ከፍታችሁ እዩ። መሥራቱን እስክታዩ ወረቀቱን አታስወጡ። ከጠፋባችሁም ለባለቤቱ የዚያኑ ቀን ንገሩት፤ ምስክሮቹ ሳይሞቱ ይድረስባቸው።