መሪ በሌለበት ወንበር፣ ከጭሮ እስከ መሰላ

ቅዳሜ፣ ንጋት ላይ፤ አሰበ ተፈሪ

የሱብሂ ሶላቴን ሰግጄ ስወጣ የጭነት መኪናው ደጄ ላይ ቆሞ ይንተከተካል። ጭሮ፣ አሰበ ተፈሪ ማለት ናት፣ ገና ብርድ ብርድ ይላታል፤ የጫት ነጋዴዎቹ እንኳ እስራቸውን አልፈቱም። እኔ ኮቴን ለብሼ፣ ፊቴን አጨፍግጌ፣ ልክ እንደ ዳኛ ወጣሁ። ዳኛም ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዘይነባ መሰላ አስተማሪ ናት። እዚያ እህል የሚያመላልስ ሙክታር የሚባል ሹፌር ወደዳት፤ እሷም አልጠላችውም። ሦስት ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ። ስለ ዘሩና ስለ ዲኑ ይጠይቀናል ብለው ሲጠብቁ እኔ የጠየቅሁት ስለ መኪናው ነው።

"የእንግሊዝ ነው" አሉኝ።

"መሪው በየት በኩል ነው?"

"በግራ።"

"እንግዲያው ልጄን አልሰጥም" አልኩ።

አንባቢ አይሳቅብኝ፤ ወይም ይሳቅ፣ ግድ የለም። ሠላሳ ዓመት ያህል ትሬንታ ኳትሮ የምንለውን የጣሊያን መኪና ነድቻለሁ። ጣሊያን አገሩ በቀኝ ይነዳል፤ የዚያን ከባድ መኪና መሪም በቀኝ ነበር ያደረገው። ሹፌሩ የገደሉን ዳር በዓይኑ እያየ ተራራ እንዲወጣ ነው። እንግሊዝ ደግሞ በግራ ይነዳል፣ መሪው በቀኝ ነው፤ ይህን ማንም ያውቃል። ስለዚህ መሪው በግራ የሆነ የእንግሊዝ መኪና ማለት አንድ ጋራዥ ውስጥ መሪው ከቀኝ ተነቅሎ ወዲያ የተተከለ ነው ብዬ ደመደምኩ። ገደሉን በማያይ ሹፌር፣ በተጠጋገነ መኪና ልጄ መበለት አትሆንም ብዬ ሽማግሌዎቹን ሸኘሁ።

ሙክታር በእነሱው በኩል መልሶ ላከብኝ፦ "አንድ ጊዜ አብረውኝ ይሂዱ። ደርሰው ሲወርዱ እምቢ ካሉ ደጃቸውን ደግሜ አልረግጥም።" መንገዱ ወደ ቦርደዴ ወርዶ ስንዴ መጫን፣ ተመልሶ ጭሮን አልፎ መሰላ ማራገፍ ነው። ዘይነባ እዚያ ትጠብቀናለች።

"አከም ቡልተን፣ አባ ዘይነባ" አለ ሙክታር፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው። የቀኙን በር ከፈተልኝ።

"ነጋያ" አልኩና ወጥቼ ተቀመጥኩ፤ እጄንም ወደ መሪው ሰደድኩ። አየር ጨበጥኩ።

ረፋድ፤ ሚኤሶ

ቁልቁለቱን ስንወርድ እግሬ አላረፈም። በየጠመዝማዛው ቀኝ እግሬ ባዶ ወለል ይረግጣል፤ እጆቼ ጭኔ ላይ ሆነው መሪ ያዞራሉ። ሙክታር አየና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ። ጨዋ ልጅ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያውም ተናደድኩ። ባለጌ ሆኖ ቢገኝ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

ኬላው ላይ ጠባቂው ከልማድ ይሁን ከእንቅልፍ እንጃ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ በር መጣ።

"ጓድ ሹፌር፣ መንጃ ፈቃድ!"

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዘመኑ ያለፈበትን መንጃ ፈቃዴን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠሁት። አገላብጦ አየው። ቀጥሎ ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ቦታ አየ።

"መሪው የታለ፣ አባቴ?"

"ወዲያ ነው።"

"እና እርስዎ ምንድን ነዎት?"

ሙክታር ከወዲያ በኩል "አማቴ ናቸው" አለ።

"ገና ነኝ!" አልኩ።

ጠባቂው እየሳቀ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

እኩለ ቀን፤ ቦርደዴ

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል፣ አቧራው ከየትም ይነሳል። ግመሎች ጥላ ፍለጋ የመጋዘኑን ግድግዳ ተደግፈዋል። ጫኞች ስንዴውን በጀርባቸው ያመላልሳሉ። ሐሊማ የምትባል የግመል ወተት ሻጭ በጣሳ ቀዳችልኝና ጋቢናው ውስጥ አቀበለችኝ። ዓይኗ እግሬ ላይ ነው።

"ሼኽ፣ መኪናው ቆሟል፤ እግርዎ የሚረግጠው ምኑን ነው?"

"ፍሬን ነው።"

"ታዲያ ያዘ?"

ጫኞቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ ሳቁ። ወተቱን ጠጥቼ፣ ሰው ዘወር ሲልልኝ፣ ወደመጣሁበት ሥራ ገባሁ። ጎንበስ አልኩና የወለሉን ላስቲክ ገልጬ የብየዳ ጠባሳ መፈለግ ጀመርኩ። መሪ የተነቀለበት ቦታ ጠባሳ አያጣም። በእጄ ዳበስኩ፤ ልሙጥ ነው።

"አገኙት?" አለ ሙክታር፣ በሩ ላይ ቆሞ።

"ሳንቲም ወድቆብኝ ነው።"

ልጁ ሳቁን ዋጠና ወጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በረሃቡ ጊዜ የእርዳታ እህል ሲመጣ ከእነዚህ መኪኖች ጋር ከመጣ እንግሊዛዊ መካኒክ የሰማውን አጫወተኝ። ድሮ እንግሊዞች የሚሠሩት ለገዛ መንገዳቸው ነበር አለኝ። ከዚያ ሹፌሮቻቸው መኪናውን ከነጭነቱ በመርከብ እያሻገሩ ሌላ አገር መሄድ ጀመሩ። እዚያ ሰው በቀኝ ይነዳል፣ የእነሱ መሪም በቀኝ ነው። አልጋ የሚባል ስለሌለ ወንበሩ ላይ ተጣጥፈው ያድራሉ። ፊት ያለውን መኪና መቅደም ሲያምራቸው ከወዲያ የሚመጣው አይታያቸውም፤ አጠገባቸው ያለውን ሰው "ልውጣ?" ብለው መጠየቅ ነው።

"ሰው ከሌለስ?"

"አላህን ይጠይቃሉ።"

የሌላ አገር ፋብሪካዎች መሪውን በግራ አድርገው፣ አልጋ አንጥፈው ገበያቸውን ሲወስዱባቸው እንግሊዞቹም ነቁ። መሪውን ከመጀመሪያው በግራ አድርገው፣ ከወንበሩ ኋላ አልጋ ሠርተው ለሩቅ መንገድ የሚሆን መኪና ማውጣት ያዙ። ይህኛው ቱርክን አቋርጦ ዓረብ አገር ድረስ ሲመላለስ የኖረ ነው። መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለችው ሰማያዊ ዶቃም ከዚያው መንገድ የመጣች ናት።

እኔ ከአሰብ ወደብ አልፌ አላውቅም። ልመረምረው የመጣሁት መኪና ከእኔ ይበልጥ አገር አይቷል። ቢሆንም በቀላሉ አልተሸነፍኩም።

"ገደሉስ?"

"እሱ እውነት ነው፣ አባባ። የቀኙ ዳር አይታየኝም፤ ስፖኪዮው የሚያሳየኝ ካለፍኩት በኋላ ነው። እዚያ የተቀመጠው ይነግረኛል። ረዳቴ ነበር የሚነግረኝ፤ ዛሬ ቦታውን ለእርስዎ ብዬ አስቀረሁት።"

ከአሥር ሰዓት በኋላ፤ ወደ መሰላ

ጭሮ ላይ ሳምቡሳ በልተን የመሰላን መንገድ ያዝን። ሌሊት ዘንቦ አፈሩ እንደ ሊጥ ሆኗል። በግራ ተራራ፣ በቀኝ፣ ማለትም በእኔ በኩል፣ ታች ማሽላው እንደ ሣር የሚታይበት ገደል።

"በሉ አባባ፣ ዳሩን ይንገሩኝ።"

ሠላሳ ዓመት ዳር አይቻለሁ፤ ለማንም ተናግሬ ግን አላውቅም። ያየሁትን እጄ ሲያደርገው ኖሯል። አንድ ጠባብ ጥምዝ ላይ መንገዱ ተሸርሽሮ አየሁት፤ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ወደዚያው ይሄዳል። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። እጆቼ ብቻ በአየር ላይ የሌለ መሪ ይዘው በሙሉ ኃይላቸው ወደ ግራ ዞሩ፣ እግሬም ወለሉን ወጋ።

መኪናው ቆመ። ከታች የድንጋይ መንከባለል ተሰማ፤ ብዙ ቆይቶ ጸጥ አለ።

ወርጄ አየሁ። በጎማውና በተሸረሸረው ዳር መካከል ያለው አንድ ስንዝር አይሞላም። መኪናው እንዳይንሸራተት ታኮ ከጎማው ኋላ አስገባሁ።

"አፌ ተሳሰረ፣ ልጄ" አልኩት። ልጄ ማለቴን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው።

"እጅዎን አይቼ ነው ፍሬን የያዝኩት" አለ ሙክታር። ፊቱ አመድ መስሏል። "አፍዎን ይተዉት። ወጥተው ዝም ብለው ይንዱ፤ እኔ አያለሁ።"

እንደዚያ ሄድን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት። እኔ የሌለውን መሪ አዞራለሁ፤ እሱ እጄን እያየ ያለውን ያዞራል። ሐሊማ ብታየን ኖሮ ወተቷን ትደፋው ነበር።

ምሽት፤ መሰላ

ሰዉ ተሰብስቦ ወደ ቀኙ በር መጣ። "ሹፌር፣ እንኳን ደህና ገቡ!" ይሉኛል። አላረምኳቸውም። ዘይነባ ሰዉን ሰንጥቃ ደረሰች።

"አባዬ፣ አንተ ነህ የነዳኸው?"

"ግማሹን።"

ወደ ጎን ሳበችኝ። "እሺ፣ ምን ወሰንክ?"

ሙክታር ጀርባውን ሰጥቶን የሸራውን ገመድ ይፈታል። አንዷን ቋጠሮ ብቻ ሲፈታ ስንት ጊዜ ቆየ።

"ነገ" አልኳት። "ከጠዋት ጀምሮ ፍሬን ስይዝ ነው የዋልኩት፤ እግሬ ዝሏል።"

እሁድ፣ ወደ ጭሮ

ዘይነባ እናቷን ልታይ አብራን ትሄዳለች። ሙክታር እንደ ትናንቱ ቀኙን በር ከፈተልኝ። እኔ በሩን ያዝኩላት።

"ግቢ።"

"አንተስ፣ አባዬ?"

"እኔ ከኋላ አልጋው ላይ ነኝ። ዛሬ ገደሉ በእሱ በኩል ቢሆንም የቀኙን ዳር እያየሽ አንቺ ንገሪው። አንቺ እንኳ አፍ አለሽ።"

የሙክታር ቁልፍ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ ፈለገ፤ ቁልፉ እግሩ ሥር ነው፣ እሱ ግን ቀና ለማለት ጊዜ ወሰደበት።

"ሽማግሌዎቹን ላካቸው" አልኩት። "በዚህ ጊዜ ስለ መኪና አልጠይቅም።"

አልጋው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ስንትና ስንት እንግሊዛዊ የዓረብን በረሃ እያሰበ ተኝቶበታል። "ትንሽ ወደ ግራ... ደህና ነው፣ ቀጥል" የሚል የዘይነባ ድምፅ ይሰማኛል። እግሬ የጋቢናውን ግድግዳ አንድ ሁለት ጊዜ ረገጠ። ከዚያ ተወው።

የቀሰቀሱኝ ጭሮ፣ ደጄ ላይ ነው። መኪና እየሄደ እንቅልፍ ሲወስደኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር።