ሣሩን አቃጠሉ፣ መስኮቱን ዘጉ

ባለፈው የካቲት፣ በወሩ የመጀመሪያ ሰኞ ጠዋት፣ አብነት ሰፈር በሚገኘውና በማስተምርበት የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ግቢ ውስጥ የጀመርኳቸው የመሶብ ስፌት ሥራዎች ከነሣራቸው ተቃጠሉ። ያዘዙት የማሠልጠኛው ሥራ አስኪያጅ አቶ ደረጀ ናቸው። ምክንያቱ ቲቢ ስለያዘኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ለእሳቸው ብቻ አይደለም፤ በዚሁ ሕመም ከሥራቸው ለራቁ ሰዎችም ጭምር ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ሳል ነበር። ደረቅ ሳል። አቧራ ነው አልኩ። ጎረቤቶቻችን አናጺዎች ናቸው፤ የእንጨት ብናኝ ከክፍላችን አይጠፋም። ነፋስ ሣሩን እንዳይበትነው ደግሞ መስኮቱን ዘግተን ነው የምንሰፋው። ከዚያ የሌሊት ላብ መጣ። ቀሚሴ ሰፋኝ። አንድ ቀን እያስተማርኩ ሳለ መሐረቤ ላይ ደም አየሁ። ወስፌውን አስቀመጥኩ።

ጤና ጣቢያ አክታ ሰጠሁ። ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሟ ውጤቱን ይዛ መጣች።

«የሳንባ ቲቢ ነው። መድኃኒት የሚበግረው ዓይነት ነው፤ ይድናሉ።»

ስድስት ወር። በየቀኑ። ማቋረጥ የለም።

ለማሠልጠኛው ወዲያውኑ አሳወቅሁ። ተማሪዎቼ እንዲመረመሩ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ ሁሉም ነፃ ሆኑ። አቶ ደረጀ ግን የታያቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ስፌት የምትሰፋ ሴት ሣሩን በከንፈሯ መካከል አሳልፋ በምራቋ ታለሰልሰዋለች። እኔም ያስተማርኩት እንደዚያው ነው። ስለዚህ ሣሩን አቃጠሉት። ይህን ለሐኪሟ ነገርኳት።

«በሽታው የሚተላለፈው በአየር ነው እንጂ በሣር አይደለም። ለመሆኑ መስኮቱን ከፈቱት?»

አልከፈቱትም። ጭሱ እንዳይገባ ብለው የበለጠ ዘጉት።

እኔ ከቤት ሆኜ በኦንላይን እንዳስተምር ተወሰነ። በሽታው የሚተላለፍበት ጊዜ እስኪያልፍ ውሳኔው ትክክል ነበርና ተቀበልኩ። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ስልኬን በሁለት ኩባያዎች መካከል አቁሜ ማስተማር ጀመርኩ፤ ተማሪዎቼ በክፍላችን ተሰብስበው በአንድ ስልክ ይከታተሉኝ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎቹ ሁሉ ስፌቱን በተቃራኒ አዞሩት። ፊት ለፊት ስለሚያዩኝ ቀኜ ለእነሱ በግራ በኩል ሆኖባቸው ነው። በክፍል ውስጥ ከኋላቸው ቆሜ፣ በትከሻቸው ላይ እጄን አሳልፌ ነበር የማሳያቸው።

ከተማሪዎቼ በዕድሜ ትልቋ የጌጃ ሰፈሯ እትዬ አስካለ ናቸው። በየትምህርቱ መጀመሪያ ፊታቸውን ስልኩ ላይ ደቅነው፣ «ዶክተርም ይታመማል እንዴ?» ይላሉ። ዶክትሬቴ በሥነ ጥበብ ትምህርት መሆኑን ስንት ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ!

«እሱን ተዪው፤ ይኼ መሶብ ወንፊት ሆኖብኛል። ነይና አጥብቂልኝ!»

ሌሎቹ ይስቃሉ። የእኔ ጣቶች ግን ሳላዝዛቸው ወደ ስልኩ ይዘረጋሉ። ጥብቀት በስክሪን አይታይም። ሣሩ በልኩ ሲጠብቅ የሚያሰማው ቀጭን ድምፅ አለ፤ ስልኩ አያመጣውም።

ሐኪሟ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ኢታምቡቶል፣ ዓይንን ሊጎዳ እንደሚችል ነግራኝ ነበር። «ቀይና አረንጓዴ መለየት ካስቸገርዎት በዚያው ዕለት ይምጡ።» ስለዚህ በየጠዋቱ ሁለት የተቀለሙ ሣሮችን መስኮቴ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጬ እመለከት ነበር። ቀይ። አረንጓዴ። ያን ጊዜ የፈራሁት ዕውርነትን አልነበረም፤ ያንን ክፍል ዳግመኛ በቀለሙ ሳላየው መቅረትን ነበር።

ሳሌ ቆመ፣ ሰውነቴም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ ሐኪሟም በሽታውን ለሌላ እንደማላስተላልፍና ሥራዬን በአካል መጀመር እንደምችል በጽሑፍ ሰጠችኝ። ማስረጃውን ሳቀርብ አቶ ደረጀ ደወሉ።

«ዶክተር፣ እንዳይቀየሙን። ጤናዎ ይቀድማል። ደግሞ ኦንላይኑን ሁሉም ለምዶት የለ?»

አልለመዱትም። እኔም አልለመድኩትም። ዛሬ መድኃኒቴን ጨርሻለሁ፣ አክታዬ ንጹሕ ነው፣ የማስተምረው ግን አሁንም ከኩባያዎቹ ፊት ተቀምጬ ነው። አንዳንድ ከሰዓት በኋላ በእግሬ ወደ አብነት ወርጄ ከአጥሩ ማዶ እቆማለሁ፤ የአናጺዎቹ መጋዝ ለአፍታ ሲያርፍ የሴቶቹ ሳቅ በተዘጋው መስኮት በኩል ታፍኖ ይሰማኛል፣ እኔም የማን ሳቅ እንደሆነ እየለየሁ መጋዙ እስኪቀጥል እጠብቃለሁ።

ሐኪሟን አመሰግናለሁ። በየጠዋቱ መድኃኒቱን ከፊቷ ስውጥ «ጎሽ» ትለኝ የነበረችውን ነርስ አመሰግናለሁ። ከሁሉም በላይ እትዬ አስካለን። በሽታውን ከእንግዲህ እንደማላስተላልፍ ሐኪሟ ማረጋገጧን እንደነገርኳቸው የፎቁን ደረጃ እያለከለኩ ወጥተው ቤቴ መጡ። መሶባቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ሣር በከንፈሬ አለስልሼ ልሰፋላቸው ስል ከእጄ ወሰዱት፤ በራሳቸው ከንፈር አሳልፈው መስፋት ቀጠሉ።

ለእናንተ፣ ዛሬ ለምትታመሙት፦ ሁለት ሳምንት የቆየን ሳል አቧራ ነው አትበሉ። ሲሻላችሁ መድኃኒቱን አታቁሙ፤ አደጋው ያኔ ነው። መስኮት ክፈቱ። ከሥራ የሚያርቃችሁ ሰው የምትመለሱበትን ቀን አብሮ እንዲነግራችሁ ገና ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁት፤ እኔ አልጠየቅሁም።

አሁን እጠይቃለሁ። አቶ ደረጀ፣ ስለተቃጠለው ሣር መልስ አልፈልግም፤ ሣር ተመልሶ ይበቅላል። «ጤናዎ ይቀድማል» የሚለውንም አይድገሙልኝ፤ ስለ ጤናዬ ሐኪሜ መልሳለች። ወደዚያ ክፍል የምገባው በየትኛው ቀን ነው? ቀኑን ይጻፉልኝ።