ምሰሶው የተቀየረ ዕለት

አዲስ የተፈለጠ ጥድ በሸተተኝ ቁጥር ልቤ ዛሬም ድንግጥ ይላል። አባቴ አናጺ ነበር። ኮልፌ፣ ከቤታችን በላይ የነበረው ክቡ ቤተ ክርስቲያን ከመቅደሱ መጋረጃ ፊት ያለው ምሰሶ ሲበሰብስ በጥድ እንዲተካው የተጠራው እሱ ነው። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነኝ።

የቤተ ክርስቲያኑን ታሪክ የነገሩን አረጋዊው ቄስ መምሬ ወልዴ ናቸው። የታችኛው ድንጋይ ከተማው ሳይቆረቆር ከብዙ ዘመን በፊት የተጣለ ነው ይሉ ነበር። የጭቃውን ግድግዳ በላዩ ያቆሙት አያቶቻቸው ናቸው። ጣሪያው ሣር ሆኖ ኖሮ፣ በእኔ ጊዜ ምእመኑ አዋጥቶ ቆርቆሮ አልብሶታል። ምሰሶውን ያበሰበሰው ታዲያ በሚስማሩ ቀዳዳ እየገባ የከረመው ዝናብ ነው።

ታቦቱ ከሥራው በፊት መውጣት ነበረበት፤ የግማሽ ቀን ሥራ ነው ተብሎ ቀረ።

ምሳውን ይዤ ስደርስ አባቴ አሮጌውን ምሰሶ ቆርጦ አውጥቶ፣ ጣሪያውን በሁለት የባሕር ዛፍ ባላ አቁሞታል። ሳህኑን ሳቀብለው አፈር እንደ ዱቄት እጄ ላይ ፈሰሰ።

"አባዬ፣ ከላይ አፈር እየወረደ ነው" አልኩት።

ቀና ሲል አንደኛው ባላ ተሰነጠቀ። አባቴ ጮኾ አያውቅም፤ ያኔም አልጮኸም። "ቀስ ብለሽ ውጪ። እንዳትሮጪ" አለኝና ትከሻውን ከባላው ጋር አጋጥሞ ደገፈው።

መምሬ ወልዴን በሩ ላይ አገኘኋቸው። ጣሪያው ሊወርድ እንደሆነ ስነግራቸው ጫማቸውን አውልቀው ወደ ውስጥ አለፉ።

"መምሬ፣ ይመለሱ፤ ብዙ አይቆይም" አላቸው አባቴ።

"ታቦቱን ትቼ የት እመለሳለሁ?" አሉና መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ታቦት ከካህን በቀር ማንም አይነካም፤ በግቢው ደግሞ ሌላ ካህን አልነበረም።

ደረጃው ላይ ቆሜ አባቴን አያለሁ። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል። ሰው ተሰበሰበ። በመጨረሻ መምሬ ታቦቱን በራሳቸው ላይ ተሸክመው፣ ልክ ለጥምቀት እንደሚወርዱ ሁሉ እርምጃቸውን ሳያፈጥኑ ወጡ። ሰው ሁሉ መሬት ላይ ተደፋ። እኔም ተደፋሁ። ስለዚህ ጣሪያው ሲወርድ አላየሁም፤ ሰማሁ እንጂ።

ቀና ስል አቧራ ብቻ ነው። "አባዬ" ብዬ ተጣራሁ። ደግሜ ተጣራሁ። ቆይቶ፣ ነጭ አቧራ ለብሶ፣ ግራ እጁን በቀኙ ደግፎ ከአቧራው ውስጥ ወጣ። ትከሻው ተሰብሮ ነበር።

ማታ እናቴ፣ "ልጆች እንዳሉህ ረሳህ?" አለችው።

"እሳቸው እየገቡ እኔ ልውጣ?" አላት። እሷም ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት አላናገረችውም።

ዛሬ በቦታው የሲሚንቶ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ሰፊ ነው፣ ብርሃን ይገባዋል፣ ዝናብ አያሳልፍም። አባቴም መምሬም አርፈዋል። በልጅነቴ ያን ቀን ሳስብ የሚታየኝ አባቴ ነበር፤ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ እየደጋገምኩ አወራላቸው ነበር፤ እንዴት እንደኮራሁበት። አሁን ግን አራት ልጆች አሳድጌ፣ ይበልጥ የምትታየኝ ያን ማታ ምጣዷን ጥዳ ጀርባዋን እንደሰጠችን የቀረችው እናቴ ናት። ምነው ያኔ ሄጄ አጠገቧ በተቀመጥኩ።